ጎንደር ላይ የብራናና የባሕረ ሐሳብ የሁለት ቀን ትምህርት፦ አንደኛው ቀን ቢቀርም ይቅር፣ ሁለተኛው ግን እንዳይቀርባችሁ

መጀመሪያ ሽታውን ልናገር። ከሄድኩ ወዲህ ሰው "እንዴት ነበር?" ሲለኝ ቀድሞ የሚመጣብኝ እሱ ነው። ውሃ ውስጥ የሰነበተ የፍየል ቆዳ ይሸታል። በጣም ይሸታል። ልብስ ላይ ይቀራል፣ ጥፍር ስር ይቀራል፣ ማታ እራት ስትበሉ እንጀራው ራሱ ፍየል ፍየል ይላችኋል። አዘጋጆቹ ይህን አስቀድመው አይናገሩም። "አሮጌ ልብስ ልበሱ" ቢሉን ምን ነበረበት? እኔ የሄድኩት በአዲስ ሹራብ ነው።

የሄድነው እኔና የእህቴ ልጅ ነን። አሥረኛ ክፍል ናት። ሒሳብ ትወዳለች፣ ታሪክ ግን ያስተኛታል። እናቷ "ከስልኳ ሁለት ቀን ብቻ አላቅልኝ" ብላ ለመነችኝ፣ እኔም ያን ሰሞን ጥምቀት አልፎ ከተማው ቀዝቀዝ ብሎ ስለነበር እሺ አልኩ። ቅዳሜና እሑድ፣ ጥር 16 እና 17 ቀን 2018። ለአንድ ሰው 1,500 ብር። ለተማሪ ቅናሽ አለ ወይ ብዬ ስጠይቅ የተመለሰልኝ "ቆዳው ተማሪ አስተማሪ አያውቅም" የሚል ነው። ሳቅኩ፣ ከፈልኩ፣ በኋላ ግን ትንሽ አናደደኝ።

ቦታው ከፒያሳ ብዙም ሳይርቅ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ስሙን አልጽፍም። የባለቤቱ እናትና እናቴ አንድ እድር ናቸው፣ እኔም እዚሁ ከተማ ነው የምኖረው። የሚፈልግ ሰው ሁለት ባጃጅ ጠይቆ ያገኘዋል።

በሩ ላይ ያለው ታፔላ "የመካከለኛው ዘመን ጥበብ" ይላል። እዚህ ላይ ነው የመጀመሪያው ክርክሬ። ፈረንጆች መካከለኛው ዘመን የሚሉት በግምት ከ500 እስከ 1500 እ.ኤ.አ. ያለውን ነው። አፄ ፋሲለደስ ጎንደርን መናገሻ ያደረጉት በ1636 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ዓመት የሥነ ፈለኩ ሊቅ ጋሊሌዮ ጣሊያን አገር ተፈርዶበት በገዛ ቤቱ ውስጥ ተዘግቶበት ተቀምጧል። እንግዲህ ግንቡን አሳይቶ "መካከለኛው ዘመን" ማለት ቱሪስቱን ማስደሰት ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ግን አንድ ነገር ልመንላቸው፦ የሚያስተምሩት ሙያ ከግንቡ በጣም ይቀድማል። ግንቡ ሳይታሰብ ብራና ነበረ፣ ባሕረ ሐሳቡም (የበዓላትና የአጽዋማት ቀን ስሌት) ነበረ። ይህን ብለው ቢጽፉ ኖሮ እውነትም ይሆንላቸው ነበር፣ ያኮራቸውም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተባለ፣ አራት ሰዓት ተጀመረ። ሰባት ሰዎች ነበርን። ሁለቱ ፈረንጆች፣ ሌሎቹ እኛው ነን። አስጎብኚው ወጣት ልጅ ነው፣ አንደበቱ ቅቤ። ሥራውን የሚሠሩት ግን ጥግ ላይ በዝምታ የተቀመጡ አንድ ሰውዬ ናቸው። ዕድሜያቸውን በብራና ፍቀት የጨረሱ ሰው መሆናቸው ከእጃቸው ይታያል። አውራ ጣታቸው ጠፍጣፋ ሆኗል።

ቆዳው ከእንጨት በተሠራ አራት ማዕዘን መወጠሪያ ላይ ዙሪያውን በገመድ ተወጥሯል። እንደ ከበሮ ነው፣ ብትመቱት ይጮኻል። መጀመሪያ የሥጋው ወገን ይፋቃል፣ ከደረቀ በኋላ ደግሞ ጠጉሩ። መፋቂያው ብረት በሁለት እጅ ይያዛል። ሰውዬው ሲያሳዩን ቀላል ይመስላል። ብረቱ "ሽርር" እያለ ይወርዳል፣ ጠጉሩ እንደ ጥጥ ይበናል፣ ስሩ ያለው ነጭ ብቅ ይላል። እኔ ስይዘው ብረቱ ወይ ይንሸራተታል ወይ ይነክሳል፣ መሃል የለውም። በሦስተኛው ምት ቆዳውን በሳሁት።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። የእህቴ ልጅ "ጋሼ!" ብላ አፏን ያዘች። ሰውዬው ግን አልተቆጡም። ጠጋ ብለው ቀዳዳውን በጣታቸው ነኩትና "እየው፣ አሁን ያድጋል" አሉ። እውነትም አደገ። ቆዳው ተወጥሮ ስለሚደርቅ የምስር ፍሬ የምታክለው ቀዳዳ እያየናት ሰፋች፣ ክብ ሆነች፣ በመጨረሻ የሃምሳ ሳንቲም ታህል ነበር። ከዚያ ሰውዬው አንድ አሮጌ ቅጠል አመጡና ብርሃን ላይ ያዙልን። እዚያም ላይ እንዲሁ የተሰፋ ቀዳዳ አለ። ጸሐፊው ስፌቱ ዘንድ ሲደርስ ቃሉን ለሁለት ከፍሎ ግራና ቀኝ ጽፎ አልፎታል። "ቆዳ አይጣልም" አሉ። "ፍየሉ ሞቷል፣ ዝም ብሎ ይሞታል እንዴ?" ከቅዳሜው ሁሉ በጣም የወደድኩት ይህችን አምስት ደቂቃ ነው። አስጎብኚው በዚያ ሰዓት ስልክ ላይ ነበር፣ ለዚህ ይሆናል።

አንዱ ፈረንጅ ኖራ የት እንደምንጨምር ጠየቀ። ጥያቄው አሪፍ ነበር። አውሮፓ ውስጥ በመካከለኛው ዘመን ቆዳውን በኖራ ውሃ ዘፍዝፈው ነው ጠጉሩን የሚያላቅቁት። የእኛዎቹ ኖራ አይነኩም፣ ውሃና ብረት ብቻ ነው፣ ከዚያ ደግሞ ስፖንጅ የመሰለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አምጥተው ፊቱን ያለሰልሱታል። ስለዚህ ጉልበቱ ይበዛል። አስጎብኚው ግን "የእኛ ከሁሉ የተሻለ ስለሆነ ነው" ብሎ አለፈው። የተሻለ መሆን አለመሆኑን አልጠየቀህም እኮ ወንድሜ፣ እንዴት እንደሚሠራ ነው የጠየቀህ።

ቅሬታዬ ይህ ነው። ከነቆዳው እስከ ቅጠሉ ያለውን አላየንም። መዝፈዝፉን አላየንም፣ መወጠሩንም አላየንም። ትንሽ ፋቅን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ከዚያ ቀድሞ የተዘጋጀ ቁራጭ ብራና ታደለን። የምግብ ዝግጅት ፕሮግራም ላይ ሴትየዋ ሽንኩርቱን አሁን ጥዳ የበሰለውን ወጥ ከሌላ ድስት እንደምታወጣው ነው። ሥራው በአንድ ቀን እንደማያልቅ ይገባኛል፣ ግን ቢያንስ ሲወጠር ቢያሳዩን ምን ነበረ።

ቁራጩ ላይ መስመር ማስመሩ ደስ ይላል። በወስፌ ዳርና ዳሩን ትወጋላችሁ፣ ከዚያ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ በደነዘዘ ጫፍ ትጫናላችሁ። ቀለም የለውም፣ ጭረት ብቻ ነው። በአንድ ወገን የጫናችሁት በሌላኛው ወገን ጉብ ብሎ ይወጣል፣ በአንድ ድካም ሁለት ገጽ ተሰመረ ማለት ነው። የእህቴ ልጅ እዚህ ጋ ስልኳን ኪሷ ከተተች። ማታ ሳስበው ሰዓቱን መያዝ ነበረብኝ።

ቀለሙ ግን አሳዘነኝ። ጥቁሩን እንዴት እንደሚሠራ ሰውዬው በአጭሩ ነገሩን። የድስት ጥላሸት፣ ተቆልቶ ያረረ እህል፣ ቅጠላ ቅጠል፣ ከዚያ ተደባልቆ ወራት ይሰነብታል፣ እየተማሰለ። ጥላሸት ካርቦን ነው። ካርቦን ብራና አይበላም። የአውሮፓዎቹ ጸሐፊዎች የሚበዙት ዛፍ ላይ ከሚወጣ እባጭና ከብረት ጨው በሚሠራ ቀለም ነበር የሚጽፉት፣ እሱ ደግሞ አሲድ ስላለው በዕድሜ ብዛት ገጹን የሚበሳበት ጊዜ አለ። ይህን ሳስብ ደስ ብሎኝ ብርዑን ቀዩ ውስጥ ነከርኩ፤ ቀዩ የእግዚአብሔርን፣ የእመቤታችንን፣ የቅዱሳንን ስም የሚጻፍበት ነው። ከጠርሙሱ ግርጌ የተላጠ ወረቀት አየሁ። የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ሱቅ ወረቀት ነው። ልጆች ሥዕል የሚቀቡበት ቀለም! በ1,500 ብር! ለአስጎብኚው ሳሳየው "ለልምምድ ነው ጋሼ" አለኝ። እሺ፣ ለልምምድ ይሁን። ግን አስቀድመህ ንገረኝ።

ብርዑ ግን እውነተኛ መቃ ነው፣ ፊታችን ተቀረጸ። ጠረጴዛም አልነበረም፣ ቁም ጸሐፊዎች እንደሚያደርጉት ጉልበታችን ላይ ነው የጻፍነው። ወገቤ እስከ ማክሰኞ አስታወሰኝ።

የአስጎብኚውን ነገር በአንድ አንቀጽ ልጨርስ፣ ምክንያቱም ልጁ ክፉ አይደለም። ችግሩ "በዓለም የመጀመሪያው" የምትለዋን ቃል በየደቂቃው ይጠቀማል። ብራና በዓለም የመጀመሪያው፣ ቀለም በዓለም የመጀመሪያው፣ ብርዕ በዓለም የመጀመሪያው። ማጋነን ለምን አስፈለገ? እውነቱ ራሱ መች አነሰ። ዓድዋ አጠገብ አባ ገሪማ ገዳም ያለው ወንጌል በካርቦን ምርመራ ከ330 እስከ 660 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ የተሠራ መሆኑ ታውቋል። ይህን አላነሳም። ባግዳድ በ8ኛው መቶ ዘመን ወረቀት ስትጀምር እኛ ብራና ላይ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ጸንተን መቆየታችንን፣ ሐረር ግን ወረቀት ላይ ስትጽፍ መኖሯን፣ የሐረር የመጽሐፍ ድጉስም እንዴት የታወቀ እንደነበረ አላነሳም። ከሁሉም የባሰው ደግሞ፣ ጎንደር ቆሞ ስለ ጎንደር መጻሕፍት አንድ ቃል አልተነፈሰም። አፄ ቴዎድሮስ ከዚሁ ከተማ አብያተ ክርስቲያናት ሰብስበው መቅደላ ያከማቿቸው መጻሕፍት በ1868 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ጭነው ካወረዱት ዕቃ ውስጥ ናቸው፣ ሦስት መቶ ሃምሳ የሚሆኑት ዛሬ ለንደን በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት አሉ። ይህን የሰማች የእህቴ ልጅ (እኔ ነኝ የነገርኳት፣ በምሳ ሰዓት) "ታዲያ እነሱ ጋ ሄደን ነዋ መማር የነበረብን" አለች። ሽሮው ትን አለኝ።

ምሳው ጥሩ ነው። ሽሮ፣ ጎመን፣ ቡናው ሦስት ጊዜ። ሽንት ቤቱ ውሃ የለውም።

እሑድ ላለመሄድ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ወገቤ ታሟል፣ ሹራቤ ታጥቦ ገመድ ላይ ነው። ልጅቷ ነች የጎተተችኝ። እንኳን ጎተተችኝ።

የእሑዱ ትምህርት ከሰዓት ነው፣ ከቅዳሴ በኋላ። ፕሮግራሙ ላይ "ተጨማሪ፦ ስለ ዘመን አቆጣጠር አጭር ገለጻ" ተብሎ በትንሹ ተጽፏል። ቡና ማጣጫ ነገር መስሎኝ ነበር። ከሰባቱ ሰዎች የመጣነው አራት ነን። ነጭ ጋቢ የለበሱ የኔታ መጡ፣ በእጃቸው አንድ ጣሳ ሽምብራ። ሰላም አሉን፣ ተቀመጡ፣ ሽምብራውን ሰፌድ ላይ አፈሰሱት። "ማን ነው ዘንድሮ ፋሲካ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ?" አሉ።

ልጅቷ ስልኳን ልታወጣ ስትል "ተይው፣ እሱ የሰው ነው የሚነግርሽ" አሏት።

ከዚህ በኋላ ያለውን ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ፣ የከፈልኩት ለዚህ ነውና። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ቁጥር አይከብደኝም። ባሕረ ሐሳብን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የቄሶች ምሥጢር አድርጌ ነው የማየው። ምሥጢር የለውም። ማባዛት፣ ማካፈልና ቀሪውን መያዝ ብቻ ነው።

መጀመሪያ 5500 ላይ (ከአዳም እስከ ክርስቶስ የሚቆጠረው ዘመን ነው) 2018 ትደምራላችሁ፣ 7518 ዓመተ ዓለም። ይህን ለ4 ስታካፍሉ 1879 ይደርሳል፣ 2 ይቀራል። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ። ዘንድሮ ማርቆስ ነው። 1879ኙ መጠነ ራብዒት ይባላል። እሱን መልሳችሁ 7518 ላይ ደምሩት፣ 9397። ለ7 ግደፉት፣ 3 ይቀራል። 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ። መስከረም 1 ሐሙስ ነበር። ልጅቷ "ነበር! ሐሙስ ነበር!" ብላ ጮኸች፣ አዲስ ዓመት የት እንደዋለች ትዝ ብሏት።

ቀጥሎ 7518ን ለ19። የሚቀረው 13 ነው። አንዱን ይቀንሱና ወንበር 12 ይላሉ። ወንበርን በ11 አብዛ፣ 132፣ ሠላሳ ሠላሳውን አውጣ፣ 12 ቀረ። ይህ አበቅቴ ነው። ወንበርን በ19 አብዛ፣ 228፣ ሠላሳ ሠላሳውን አውጣ፣ 18 ቀረ። ይህ መጥቅዕ ነው። የኔታ ይህን ሁሉ ሲሠሩ ሽምብራውን ሠላሳ ሠላሳ እየቆጠሩ በእጃቸው ጠርገው ከሰፌዱ ያወርዱታል፣ የቀረውን ብቻ ያሳዩናል። በቁጥር ስትነግሩት የሚደርቀው ነገር በሽምብራ ሲሆን አይን ላይ ይቀራል። እኔ ሃያ ዓመት ካልኩሌተር ስነካካ "ቀሪ" ምን እንደሆነ በእጄ ይዤ አላውቅም ነበር።

ልጅቷ ዝም ብላ ቆይታ "የኔታ፣ 12 እና 18 ሠላሳ ነው" አለች።

"አዎን።"

"ሁልጊዜ ሠላሳ ነው የሚሆነው? 11 እና 19ም ሠላሳ ናቸው።"

"ሁልጊዜ ነው።"

"ታዲያ አንዱን ካገኘን ሌላውን ከሠላሳ መቀነስ ነው እንጂ ለምን ሁለቴ እናባዛለን?"

የኔታ ፈገግ አሉ። "ብትስቺስ በምን ታውቂያለሽ?"

እኔ እዚያ ላይ ከወንበሬ ልነሳ ምንም አልቀረኝም። ይህ እኮ የእኛ ሥራ ነው! ዴቢትና ክሬዲት ለየብቻ መዝግበህ መጨረሻ ላይ ሚዛን ካልገጠመ የሆነ ቦታ ተሳስተሃል። ሁለቱን ለየብቻ ታሰላለህ፣ ድምሩ ሠላሳ ካልሆነ መልሰህ ትቆጥራለህ። ወረቀት በሌለበት፣ በቃል በሚማሩበት ቤት፣ ስህተቱን ራሱ የሚያጋልጥ ስሌት።

11 ከየት መጣ ለሚል፦ አሥራ ሁለት የጨረቃ ወር 354 ቀን ግድም ነው፣ የፀሐይ ዓመት 365። ልዩነቱ 11። ጨረቃ በየዓመቱ በ11 ቀን ወደኋላ ትቀራለች፣ በ19 ዓመት ግን 235 የጨረቃ ወር ሞልቶ ከፀሐይ ጋር ተመልሳ ትገናኛለች። ለዚህ ነው ለ19 የምናካፍለው። ይህን ባቢሎናውያን ያውቁት ነበር፣ አቴና ውስጥ ሜቶን የሚባል ሰው በ432 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ አውጆታል። የኔታ ደግሞ በትውፊቱ መንገድ ነው የነገሩን። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ድሜጥሮስ ሱባዔ ገብቶ፣ ከሌሊቱ 23 ሱባዔ፣ ከቀኑ 7 ሱባዔ። 23 በ7 161፣ ለሠላሳ ሲገደፍ 11 አበቅቴ። 7 በ7 49፣ ሲገደፍ 19 መጥቅዕ። ሁለቱም መንገድ እዚያው ያደርሳል። እኔ ሁለቱን አንድ ላይ መስማቴን ወደድኩት፣ አንዱ ሌላውን አላባረረውም።

ከዚያ መጥቅዕ 18። ከ14 በላይ ስለሆነ መስከረም ላይ ይውላል፣ ከ14 በታች ቢሆን ጥቅምት ላይ ነበር። መስከረም 18 ዘንድሮ እሑድ ነው። የእሑድ ተውሳክ (ለየዕለቱ የተመደበ ተጨማሪ ቁጥር) 7። 18 እና 7 25፣ መባጃ ሐመር። መጥቅዕ መስከረም ከዋለ ነነዌ ጥር ላይ ነች። ጥር 25፣ ሰኞ። ያን ዕለት ጥር 17 ነበር። የኔታ "ከዛሬ ስምንተኛው ቀን ማለት ነው፣ ተዘጋጁ" አሉ፣ አንዲት የመጣች ሴትዮ ደንግጣ "ነነዌ ደረሰ እንዴ!" አለች። 25 ላይ የትንሣኤን ተውሳክ 9 ጨምሩ፣ 34፣ ሠላሳውን ጣሉ። ሚያዝያ 4። አሁን ልጅቷ ስልኳን እንድታወጣ ተፈቀደላት። ሚያዝያ 4። ፊቷን ማየት ነበረባችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ የኔታ አላሉትም፣ እኔ ነኝ። ይህ ስሌት የእኛ ብቻ አይደለም፣ ያ ደግሞ አያሳንሰውም። በ725 እ.ኤ.አ. ሰሜን እንግሊዝ፣ ጃሮ በሚባል ገዳም፣ ቢድ የሚባል መነኩሴ ይህንኑ 19 እና ይህንኑ የጨረቃ ልዩነት ይዞ መጽሐፍ ጽፏል፣ የፋሲካንም ሠንጠረዥ ከ532 እስከ 1063 ዘርግቷል። ያ 532 ዓመት ነው። የእኛ ሊቃውንት ዓቢይ ቀመር የሚሉት ራሱ 532 ነው፣ 19 በ28። አንዱ በላቲን፣ አንዱ በግዕዝ፣ አንዱ በብርድ ጉም ውስጥ፣ አንዱ በደጋ ፀሐይ፣ ተያይተው አያውቁም፣ ምንጩ ግን ያው እስክንድርያ ነው። 13ኛው መቶ ዘመን ላይ ደግሞ አንድ ግብጻዊ ክርስቲያን ሊቅ ስለ ዘመን ስሌት በዐረብኛ የጻፈው መጽሐፍ ወደ ግዕዝ ተመልሶ እስከዛሬ አቡሻኽር እየተባለ ይማሩታል። አስጎብኚው "በዓለም የመጀመሪያው" ከሚል ይህን ቢነግረን!

ስለ ዜሮ ሳልናገር አላልፍም። የግዕዝ ቁጥሮች ከግሪክ ፊደላት የመጡ ናቸው፣ ዜሮ የላቸውም። ታዲያ ወንበር ምንም ሳይቀር ሲቀርስ? የኔታ ሰፌዱን ጠረጉት፣ ባዶ አሳዩን። "አልቦ" አሉ። አልቦ አበቅቴ። 2006 እንዲያ ነበር፣ ቀጣዩ 2025 ነው። አውሮፓዎቹም በላቲን ሠንጠረዣቸው ላይ በዚያው ቦታ "ምንም" የሚል ቃል ነው የጻፉበት። አል ኸዋሪዝሚ ባግዳድ ሆኖ የሕንዶቹን ቁጥር ከነዜሮው በጻፈ ጊዜ ነው ምልክቱ ወደ ምዕራብ መንገድ የጀመረው። ምልክቱ ባይኖርም ሥራው ቆሞ አልጠበቀም።

ኬክሮስንም ነካ አደረጉልን። አንድ ቀን 60 ኬክሮስ፣ አንድ ኬክሮስ 60 ካልዒት፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። ልጅቷ ወዲያው "አንድ ኬክሮስ 24 ደቂቃ ነው" አለች። የኔታ "ትምህርት ቤት ስንተኛ ነሽ?" አሏት። አምስተኛ። "አይገባሽም" አሉ፣ እሷ ተሰድባ እንደሆነ ሳይገባት ቆይታ እኔ ስስቅ ነው የገባት።

ሁለት ሰዓት ተኩል እንዲህ አለፈ። የኔታ ምን ያህል እንደሚከፈላቸው ጠየቅኳቸው፣ መጠየቅ አልነበረብኝም፣ ግን ጠየቅኩ። አልነገሩኝም። "እኔ በቆሎ ነው የተማርኩት" ብለው አለፉት። አኮፋዳ አንግቶ፣ በየደጁ ለምኖ፣ ውሻ እየተከላከለ የተማረ ሰው ነው ሽምብራ የሚቆጥርልን። ከ1,500ው አብዛኛው ለእሳቸው ቢሆን ምንኛ ደስ ባለኝ። ስንወጣ እጃቸው ላይ ትንሽ ነገር አኖርኩ፣ እናንተም ብትሄዱ አትርሱ።

መውጫው ላይ ያለው ሱቅ የተለየ ቅሬታ ይገባዋል። ትናንሽ ክታቦች፣ የተቀቡ ብራናዎች ተሰቅለዋል። አንዳንዱ "አሮጌ" ተብሎ ይሸጣል። አሸተትኩት። የጭስ ሽታ ነው ያለው፣ ያውም የሰሞኑ ጭስ። አዲስ ብራና ጭስ ላይ አስጠቁሮ አሮጌ ነው ማለት ነውር ነው። አሮጌ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፣ ቅርስ ነው፣ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። ስለዚህ በሁለቱም መንገድ አትግዙ። አዲስ ነው ብለው የሚሸጡት ግን አለ፣ ሰውዬው ራሳቸው የፋቁት፣ ንጹሕ፣ ባዶ ቅጠል። ያን ግዙ። ዋጋው ከጭሱ ያነሰ ነው፣ ሥራው ይበልጣል።

ለሚሄድ ሰው፦ አሮጌ ልብስ። የራሳችሁን ውሃ ያዙ። ቅዳሜ ጠዋት ብትቀሩ ብዙ አያመልጣችሁም፣ ሰውዬውን አግኝታችሁ ብቻችሁን ብታዋሯቸው ግን ታተርፋላችሁ። እሑድ ብቻ መክፈል ይቻላል ወይ ብዬ ጠይቄ "እናስብበታለን" ተብያለሁ። አስቡበት። ከአምስት ኮከብ ለቅዳሜ ሁለት፣ ለእሑድ አምስት፣ ለሽንት ቤቱ አልቦ።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ልጅቷ የሚቀጥለውን ዓመት ጀመረች። ሽምብራ የለም፣ በጣቷ ነው። 7519። ሉቃስ። ወንበር 13። አበቅቴ 23 አለች፣ መጥቅዕ 8። ዝም አለች። "31 ሆነብኝ።" ባጃጁ የቀሃን ድልድይ ሲሻገር እንደገና ከመጀመሪያው አባዛች። 247። ሠላሳ ሠላሳውን ስታወጣ 7 ቀረ። "ሰባት ነው! ሠላሳ ሆነ!" ሰባት ከ14 በታች ስለሆነ ጥቅምት፣ ጥቅምት 7 ቅዳሜ፣ የቅዳሜ ተውሳክ 8፣ መባጃ ሐመር 15፣ ነነዌ የካቲት 15፣ ፋሲካ ሚያዝያ 24። ሹፌሩ በመስታወት እያየን "ፋሲካውን አራቃችሁት እኮ" አለ።

ያን ቁጥር ማታ በመቃ ብርዑ ቁራጭ ብራናዋ ላይ ጻፈችው፣ ሚያዝያ ፳፬፣ በሱቁ ቀይ ቀለም። እናቷ ማዕድ ቤት ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። በሁለተኛው ቀን ከምድጃው እንፋሎት የተነሳ ተጠቅልሎ እንደ ሳምቡሳ ሆኖ አገኘነው። ብራና እንዲህ ነው፣ እርጥበትና ሙቀት ሲፈራረቅበት ይጠማዘዛል፣ የድሮዎቹ በሁለት ሳንቃ መሃል አስጨንቀው የሚይዙት ለዚህ ነው። እኛ ሳንቃ ስለሌለን የአሥረኛ ክፍል የታሪክ መጽሐፏ ስር ነው ያለው። መጽሐፉ በዚህ ዓመት ሥራ ያገኘው አሁን ነው ትላለች።